የጾም ቬኬሽን

ቆንጅት ግሪክ የሄደችው ዓሣ ልትበላ ነው። ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ፤ በኋላ ሌላ ሌላ ሲወራ ሰምቻለሁና። ባሕር ዳር ቁጭ ብላ፣ እግሯን አሸዋው ላይ ዘርግታ፣ ጠዋት ከውሃ የወጣ ዓሣ ተጠብሶ ሎሚ ተጨምቆበት እንዲቀርብላት፤ በቃ፣ ምኞቷ ይቺ ነበረች። ይፈረድባታል? ካናዳ፣ ካልጋሪ አየር ማረፊያ ቆማ የመንገደኛ ሻንጣ ስትፈትሽ ስንት ዓመቷ! ስንት ባርኔጣ፣ ስንት የመዋኛ መነጽር፣ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ ስንት የፀሐይ ክሬም በእጇ አልፏል። ክሬሙን ተቀብላ ስትጥለው ሽታው ጓንቷ ላይ ይቀራል። ሌላው ባሕር ዳር ሲሄድ እሷ የሰው ክሬም እያሸተተች ሬድስቶን ሰፈር ቤቷ ትገባለች።

እሷ ፈቃድ ስትወጣ የምትሄደው አዲስ አበባ ነው። እሱ ደግሞ ቬኬሽን አይባልም። የሰው ዕቃ ተሸክሞ መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሠርግ መዋል፣ ከዚያ ደክሞ መመለስ ነው።

ነገር ግን ለማንም ያልተናገረችው ሌላ ጉዳይ ነበራት። ባሏ።

ደርበው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አይጠጣ፣ አይቆጣ፣ ሰው አያማ። ብቻ ስቶኒ ትሬይል አውራ ጎዳና አጠገብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ የሚነዳው ማታ ማታ ነው፤ ቆንጅት ደግሞ የምትሠራው ቀን። ልጃቸው ፋኑኤል ሕፃን እያለ ሞግዚት እንዳይፈልጉ ብለው የጀመሩት ነገር ነው፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ልጁ አድጎ፣ ተመርቆ፣ ዳውንታውን የራሱን አፓርትመንት ከተከራየ በኋላም ሺፍቱ እንደዚያው ቀረ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ቤቱን ስለሚያሞቀው ፈርነስ ፊልተር ያወራሉ፣ ስለ መኪናው ዘይት ያወራሉ፣ ያ ሲያልቅ ስለ ፋኑኤል ያወራሉ። ፋኑኤል ከቤት ከወጣ ወዲህ እሱም ወሬ አለቀ።

አንድ እሑድ ቆንጅት ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ብትል ደርበው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። «ይሄ ሰውዬ አሁን ምን እያሰበ ይሆን?» ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱን አላወቀችውም፤ ደነገጠች። ጡረታ ሲወጡስ? አንድ ሶፋ ላይ ዝም ተባብለው የሚያረጁ ባልና ሚስት ሊሆኑ ነው? ስለዚህ ሥራ የሌለበት፣ ዘመድ የማይደውልበት፣ ሁለቱ ብቻ የሚፋጠጡበት አንድ ሳምንት ፈለገች። የሚያወሩት ካጡም ቁርጧን እዚያው ልታውቅ ነው።

በረዶው ገና ሳይቀልጥ ፋኑኤልን ጠራችው። «ስማ፣ ፍልሰታ ነሐሴ አሥራ ስድስት ይፈታል። ከዚያ ጀምሮ ያለውን ሳምንት ግሪክ አገር ጸጥ ያለ ባሕር ዳር ቡክ አድርግልን» አለችው።

ፋኑኤል ካልጋሪ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ነሐሴ ማለት ኦገስት መሆኑን ያውቃል፤ እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። ከኦገስት አሥራ ስድስት ጀምሮ ቡክ አደረገ። ቲኬቱ ሲመጣ ቆንጅት አሥራ ስድስት የሚለውን አየች፣ ደስ አላት፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ሃያ ምናምን ዓመት በሁለት ካላንደር የኖረች ሴት ናት እንግዲህ! አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ነው አለች እንጂ፣ የእኛ ነሐሴ ከፈረንጁ ኦገስት ቀናት ዘግይቶ እንደሚገባ በዚያች ደቂቃ ውል አላላትም።

ጉዱ የወጣው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቀሲስ ኪራኮስ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ «ጾመ ፍልሰታ የፊታችን ዓርብ ይገባል» ብለው አስታወቁ። ቆንጅት በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ መሲ፣ «ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለቻት።

«ጉድ ሆኛለሁ፣ መሲ። ግሪክ የምሄደው ጾሙ መሃል ነው። የሚፈታው የምንመለስ ዕለት ነው!»

መሲ ምላሷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አያርፍም። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ዓሣው ምንኛ ዕድለኛ ነው፣ በእመቤቴ!» አለች።

ቆንጅት ከደርበው ጋር መኪና ውስጥ እንደገባች ለልጇ ደወለችና ወረደችበት። ፋኑኤል፣ «ኦ ኖ። ሶሪ ማሚ። ማይ ፎልት» አለ፤ አልተከራከረም። ቲኬቱ ሪፈንድ የለውም። ቤት ሲደርሱ፣ «በቃ ካንስል ይደረግ፤ የሄደው ይሂድ» አለች።

ደርበው በትዳር ዘመኑ ሁሉ «እንዳልሽ» ሲል የኖረ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ማንኪያውን አስቀመጠ። «አይሆንም። እንሄዳለን» አለ።

«ሄደን ምን ልንበላ?»

«የሚጾም ሰው ምን ይበላል? ሽሮ ያዢ።»

ያዘቻ! የገዛ መሥሪያ ቤቷ ላይ የዱቄቱ ብዛት ሻንጣዋን ለይቶ አስወጣው። አብሯት የሚሠራው ሩቤን ጓንቱን እየሳበ፣ «ማዳም፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላት፤ በየፈረንጆቹ ገና ከእሷ ቤት የጾም ሽሮ የሚበላ ሰው! ሺፍቱ በሙሉ ሳቀባት። ቆንጅት ግን አልሳቀችም። ከዓሣው ጋር የመጣው ተስፋዋም የተበላሸ መሰላት። ምግብ ቢኖር ቢያንስ ስለ ምግቡ ይወራል። ጦሙን የሚውል ሰው ምን ያወራል?

መንደሯ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ታምር ነበረች። አንድ መንገድ፣ ጥቂት ጀልባ፣ ቁጥር የሌለው ድመት። ባሕሩ ከበሩ ጀምሮ ነው፤ ቆሞ የሚያየው ሰው እንኳ የለም። ያረፉት ታች ምግብ ቤት፣ ላይ መኝታ ባለው ነጭ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ስታማቲያ የምትባል፣ የወንድ ቆብ የምታደርግ፣ ስትስቅ ብርጭቆ የምታንቀጠቅጥ ሴት ናት። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ ተገጥሞ አንድ ሆኗል። ቆንጅት፣ «ጾም ነው» ብላ አንዱን መግፋት ጀመረች። ደርበው ምንም ሳይል በሌላው በኩል ይዞ አገዛት። መሃሉ ላይ ውዳሴ ማርያሟን ያስቀመጠችበት ትንሽ ጠረጴዛ ገባ።

ሲወርዱ ስታማቲያ ጠረጴዛውን ሞልታ ጠበቀቻቸው። ፍየል በምድጃ፣ አይብ፣ እና ያ የፈረደበት ዓሣ፣ ቆዳው ተንጣጥቶ፣ ሎሚው ከጎኑ ተቀምጦ። ለካ የእነሱ ፍልሰታ ከትናንት ወዲያ ተፈቷል፤ መንደሩ ከድግስ ገና መነሣቱ ነው። ቆንጅት አንገቷን ነቀነቀች። ስታማቲያ ግንባሯን ዳሰሰቻት፤ ትኩሳት የለም። «ኖ ፔይ! ኖ ፔይ!» አለች፤ ገንዘብ የጨነቃቸው መስሏት። በመጨረሻ ቆንጅት ማተቧን ከደረቷ አውጥታ አሳየቻት፤ «ኦርቶዶክስ። ፋስቲንግ።»

«እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ!» አለች ስታማቲያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ጾም አለቀ! ፊኒሽ!»

«የናንተ ነው ፊኒሽ። የእኛ ገና ነው።»

ስታማቲያ ቆቧን ወደኋላ ገፍታ አሰበች። ከዚያ ጭኗን መታች። አያቷ የአሮጌው ካላንደር ሰው ነበረች፤ መንደሩ ሲበላ እሷ ትጾማለች፣ መንደሩ ሲጾም እሷ ገና ናት። «እንደ እናንተ ግትር!» አለችና ዓሣውን አንሥታ ለጎረቤት ጠረጴዛ ፈረንጆች ሰጠችው። ቆንጅት ሳህኑን በዓይኗ ሸኘችው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የፈራችው ደረሰ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም፤ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ ባሕሩን ያያሉ። «ውሃው ሰማያዊ ነው» ይላል ደርበው። «አዎ» ትላለች። ትንሽ ቆይቶ፣ «ፈርነሱን አጥፍተነዋል አይደል?» ይላል። «በነሐሴ ማን ያበራዋል?» ትላለች። እንደገና ባሕሩን ያያሉ። ቆንጅት በሆዷ፣ «እንግዲህ ይኸው ነው፤ አልቀናል» አለች። አልቅሺ አልቅሺ ብሏት መነጽሯን አደረገች።

የገላገላቸው ኦክቶፐስ ነው። አንድ ቀን ስታማቲያ ድል እንዳደረገ ሰው ሳህን ይዛ መጣች። «ይሄ ጾም ነው! ደም የለውም! እኛ በጾም እንበላዋለን!» አለች።

ደርበው ጎንበስ ብሎ መረመረው። «ደም ከሌለው...» አለ።

«ደም ባይኖረውም ዓይን አለው!» አለች ቆንጅት። «ሲያስጡት አይቼዋለሁ። አይቶኛልም።»

«ሽንብራም ዓይን ቢኖረው ትተዪው ነበር?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንብራ ይዋኛል?»

«ለቀሲስ ኮል ላድርግላቸው።»

«አታፍርም!»

አላፈረም። ደወለ፤ ስፒከር ላይ አደረገው። «አባታችን፣ ደርበው ነኝ፣ ከግሪክ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ በሰላም?»

«በሰላም ነው። አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ስለ ኦክቶፐስ።»

«ስምንት እግር ያለው?» አሉ ቀሲስ ኪራኮስ።

«አዎ፣ አባ። ደም የለውም ይላሉ።»

«ደርበው፣ አንተ በሁለት እግርህ ቆመህ ጾምህን ጨርስ። ስምንት እግር ያለውን ለአገሬው ተውለት» ብለው ዘጉት።

ቆንጅት በሳቅ ፈነዳች። ደርበው ደግሞ የቀሲስን ድምፅ አስመስሎ፣ የጉሮሯቸውን አጠራረግ እንኳ ሳይቀር ደገመው። እንዲህ እንደሚችል አታውቅም ነበር! «ከየት አመጣኸው?» ስትለው መጋዘን ውስጥ ማታ ማታ የሚያደርገው ይህንኑ መሆኑን ነገራት፤ ሱፐርቫይዘሩን፣ ሬዲዮኑን፣ ፎርክሊፍቱን ሳይቀር ያስመስላል፤ ሥራ ላይ የሚጠሩትም «ኮሜዲያን» ብለው ነው። ደርበው! ኮሜዲያን! እሷም በተራዋ ሙቀጫ በእጅ ሻንጣ ይዘው ስለመጡ አንዲት እትዬ ነገረችው፤ ዘነዘናው ዱላ ነው ተብሎ ሲከለከል፣ «እንግዲያው ሙቀጫው ብቻውን ምን ይሠራል?» ብለው መስመሩን አቁመው እንደሞገቱ። ደርበው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የሽንብራ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁለቱም አላስተዋሉም።

ከዚያ ወዲህማ ወሬው መቼ ቆመ! ከሞቱ ሃያ ዓመት የሆናቸውን ሰዎች አነሡ፤ የመጀመሪያውን የካልጋሪ ቤታቸውን፣ ከላይ የሚኖረው ሰውዬ ዋሽንት መሰል ነገር ይነፋ የነበረበትን ቤዝመንት አነሡ። ስታማቲያ ሽሮ እንዲሠራላት ጠይቃ በማንኪያ በላችው። ቆንጅት ሌሊቱን ተኝታ እያለች ፈገግ ማለቷን ጠዋት የደከመው ጉንጯ ነገራት።

ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ፋኑኤል በቪዲዮ ደወለ። ደርበው ሊዋኝ፣ ማለትም እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ሊቆም ሄዷል። ቆንጅት በሳቅ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸውልህ ዓሣው፣ ይኸውልህ እናትህ! በአንተ ጥፋት...» ብላ እንደ ልማዷ ጀመረች።

«ማሚ፣ ኢናፍ!» አለ ፋኑኤል። «በየቀኑ እኔን ነው የምትወቅሺው። አይ አስክድ፣ ኦኬ? ቡክ ሳላደርግ በፊት ዳድን ጠየቅኩት። እሱ ‹አዎ ጾም ነው፣ ግን ቡክ አድርገው፣ ለእናትህ አትንገራት› አለኝ።» ከዚያ የተናገረው ገባው። «ዌይት። ኦ ኖ። ማሚ?»

ቆንጅት ስልኩን ዘጋችው።

አውቆ ነው? በጾም፣ አልጋ በሚለይበት፣ ባልና ሚስት በማይነካኩበት ሳምንት፣ አውቆ? ያ ዝም ብሎ አልጋ ሲገፋ የነበረው ለዚህ ነው? እሷ ትዳሯን ልታድን ባሕር አቋርጣ ስትመጣ፣ እሱ ከእሷ የሚያርፍበትን ሳምንት መርጦላታል። ሳቁም፣ ማስመሰሉም፣ ሁሉም ነገር ባንዴ መረራት። ነጠላዋን ለብሳ ጀልባዎቹ እስከሚታሰሩበት ድንጋይ መጨረሻ ድረስ ሄደች፤ እዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።

ደርበው ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደተጠቀለለ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ መጣ። ፋኑኤል ደውሎለት ኖሯል። ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ታውቅ ነበር?» አለችው ሳትዞር።

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ብጠላህ እንዲህ አላደርግህም ነበር።»

«ምን?»

«አልጋህን ለይተህ ልታርፍ ነው አይደል የመረጥከው? በቃ እንደዚያ በለኝ! ሰልችተሺኛል በለኝ! አምስት ወር ሙሉ ቲኬቱን ፍሪጅ ላይ እያየህ ዝም አልከኝ!»

ደርበው ጫማው ከእጁ ወደቀ። አንዱ ውሃ ውስጥ ገባ፤ አላነሣውም።

«ቆንጅት፣ እብድ ነሽ እንዴ?» አለ። «ባንፍ ተራራው ላይ ሆቴል ይዘን ኦቨርታይም መጣ ብለሽ ሰረዝሽው። ሜክሲኮ ልንሄድ ስንል የአክስትሽ ልጅ ሠርግ ነው ብለሽ ሰረዝሽው። ጾም ነው ብዬ ብነግርሽ ይሄንንም ለመስከረም ታዛውሪዋለሽ፣ መስከረም ላይ ሌላ ነገር ይመጣል፣ እንደገና እዚያው በር ላይ እየተላለፍን እንኖራለን። እኔ ዓሣ ምን ያደርግልኛል? አልጋውስ ቢለይ? ያው እዚህ ነሽ። ስነቃ አለሽ። እኔ ቤት ስገባ አልጋው ላይ ያለው ያንቺ ሙቀት ብቻ ነው፤ አንቺ ሄደሻል። እዚያው ቤት እየኖርሽ እኮ ትናፍቂኛለሽ!»

ቆንጅት ዞራ አየችው። ሃያ ሰባት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ያለ ቃል ከዚህ ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን አትለኝም?» አለች በመጨረሻ።

«መቼ ልበልሽ? በር ላይ? ቁልፍ ስቀበልሽ?»

ከጎኗ ተቀመጠ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ በዚያው ጫፍ የእሱንም። «እኔ የፈራሁት የምናወራው እንዳናጣ ነበር» አለችው።

«እኔም። አውሮፕላኑ ውስጥ የማወራሽን ሳስብ ነው እንቅልፍ ያልወሰደኝ። ያገኘሁት ፈርነሱን ብቻ ነው።»

ሳቋ ከልቅሶዋ ጋር ተደባልቆ ወጣ። «ከመስከረም ጀምሮ የቀን ሺፍት ትጠይቃለህ፤ ሰማኸኝ?»

«ጠይቄያለሁ።»

«መቼ?»

«ቲኬቱ የተቆረጠ ዕለት። እስካሁን መልስ አልሰጡኝም።»

«ባይሰጡህ እኔ የማታ እጠይቃለሁ» አለችና ክንዱን ያዘች፤ ጾም መሆኑን እመቤቴ ታውቃለች፣ ክንድ ብቻ ነው። አንዱ ጫማው ጀልባዎቹ መሃል እየተንሳፈፈ ርቆ ሄደ። ስታማቲያ ከበሯ ላይ ሆና የሆነ ነገር ጮኸችባቸው፤ ትርጉሙን አላወቁትም፣ አልጠየቁምም።

በተመለሱ ማግስት እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ መሲ ቆንጅትን በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት፤ ወሬው አንቆ ሊገድላት ደርሶ ነበር።

«እሺ፣ ዓሣውስ?»

«አልቀመስንም። ጾሙን የፈታነው አውሮፕላን ላይ በደረቀ ዶሮ ነው።»

«ውይ! ዋናስ?»

«ደርበው እስከ ጉልበቱ። እኔ እስከ ቁርጭምጭሚት።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ተጎልታችሁ ምን ሠራችሁ?»

«አወራን።»

«አወራን?» መሲ ዓይኗ ፈጠጠ። «አንቺና ደርበው? ሳምንት ሙሉ?»

ፓርኪንጉ ውስጥ ደርበው የመኪናውን በር ከፍቶ ቆሟል፤ ገና ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ የሆነ ነገር መናገር ጀምሯል። ቆንጅት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ልሂድ፣ መሲዬ» አለች። «አልጨረስንም።»